ቦክሰሬን ወደ ኤሌክትሪክ እየቀየርኩ ነው፤ ፌሪንጉና ዳሽቦርዱ ላይ ምክራችሁን እፈልጋለሁ

አዳቃዩ፣ ከሱሉልታ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ከረማችሁ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው። አርቢ ይደውልልኛል፣ እኔ የኮርማ ዘር የማቆይባትን፣ ሦስት ሊትር የምትይዘውን የናይትሮጅን ዕቃ ከኋላ አስሬ እሄዳለሁ፤ አንዳንድ ቀን እዚሁ ሰፈር፣ አንዳንድ ቀን ከጫንጮ ማዶ። ያለችኝ ሞተር ሳይክል ቦክሰር 150 ናት። አምና ሞተሩ ተቃጠለና ማሠሪያው ሌላ አሮጌ ቦክሰር የሚገዛ ሆነ። ያኔ ነው ወደ ኤሌክትሪክ ልቀይራት የቆረጥኩት። ነባሩ ሞተር ከነበረበት ቦታ 3 ኪሎዋት ሞተር ገባ፣ ጉልበቱ በካቴና ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ 24 ሴል፣ 40 አምፒር ሰዓት ነው። ሁለት ወር ነድቻታለሁ፤ ወድጃታለሁ። ድሮ ግቢ ስገባ በድምፁ ይደነብሩ የነበሩ ላሞች አሁን ቀና ብለው አይተውኝ ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ።

የቀረኝ ፊቷ ነው። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል።

አንደኛው ነፋሱ። የሱሉልታን ሜዳ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስወጣ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል፣ ከግማሽ መንገድ በኋላ ጣቶቼን አላውቃቸውም። እጄ ደንዝዞ ደርሼ ስስ የሆነ ሥራ መሥራት ይከብደኛል። በዚያ ላይ የሲሚንቶ ከባድ መኪኖች ሲያልፉ የሚለቁት ነፋስ ከመንገድ ያወጣል። የቦክሰሯ የፊት መብራት ማስክ ትንሽ ናት፤ እሷም አንድ ገበሬ ደጅ ጭቃ ላይ ስወድቅ በግራ በኩል ተሰንጥቃለች። ስለዚህ ሰፋ ያለ፣ እስከ ጉልበቴ የሚወርድ ፌሪንግ (የፊት የነፋስ መከለያ) ላሠራ አስቤያለሁ። ችግሩ ቦታ ስላጣሁ ኮንትሮለሩን (ከባትሪ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጉልበት የሚመጥነውን) ከመሪው አንገት ፊት፣ ከማስኩ ሥር ነው ያሰርኩት። ፌሪንግ ከሸፈነው በምን ይቀዘቅዛል?

ሁለተኛው ዳሽቦርዱ ነው፣ ልቤን የሚያቆስለውም እሱ። አሁን ያለኝ ከባትሪው ጋር የተሸጠልኝ ትንሽ የመቶኛ ማሳያ ነው። አንድ ቀን ከጫንጮ ማዶ ያሉ አርቢ ደወሉ፤ ላማቸው ጠዋት ኮርማ ፈልጋለች። ጠዋት የፈለገች ላም የምትዳቀለው ያን ዕለት ማታ ነው፣ ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ማሳያው 60 ይላል። ዳገት ስጀምር 20 ገባ፣ ሜዳ ላይ ወደ 55 ተመለሰ። ተመለሰ ብዬ ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። ቀጣዩ ዳገት ላይ 50 እያለ በአንድ ጊዜ ጠፋች። እየገፋሁ፣ እያረፍኩ፣ ከአንድ አይሱዙ ላይ አስጭኜ ስደርስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። አዳቀልኳት፣ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በ21ኛው ቀን ላሟ ተመልሳ ኮርማ ፈለገች። ሰውየው አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ለአንድ ላም ቤት 21 ቀን ማለት ምን እንደሆነ ስለማውቅ ዝምታቸው እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው።

እና የምፈልገው ዳሽቦርድ እውነት የሚናገር ነው። ባለ ቀለም ሰፊ ማሳያ የሚሸጡ አሉ፣ ያምራል። በሌላ በኩል የቦክሰሯ የድሮ ሰዓት አሁንም አለኝ፤ የፍጥነት መርፌና የነዳጅ መርፌ አለው። ጠቅልዬ ልጣለው ወይስ ይጠቅመኛል? ፌሪንጉንስ በፋይበር ላሠራው ወይስ የአፓቼ ማስክ ገዝቼ ላስማማ?

አንድ ነገር ላክል፦ ከኋላም ሳጥን ሠርተህ የናይትሮጅኑን ዕቃ ዝጋበት ያላችሁኝ ነበራችሁ። እሱን አላደርግም። ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ይተናል፣ መውጫ ይፈልጋል። ዕቃው ቆሞ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ አየር ላይ መሆን አለበት።


ፋይበር ሠሪው፣ ለገጣፎ

ወንድሜ፣ የአፓቼ ማስክ ገንዘብህን አታውጣበት። የተሠራው ለሌላ መብራትና ለሌላ መሪ ነው፤ ስትቆርጠውና ስትቀጥለው ከአዲሱ የበለጠ ትለፋለህ።

መጀመሪያ የተሰነጠቀችውን ማስክህን ገልብጠህ ከውስጥ በኩል የተጻፈውን አንብብ። ኤ ቢ ኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ በቀላሉ ይጠገናል፦ ከተሰበረ ተመሳሳይ ፕላስቲክ ቁርጥራጭ ወስደህ አሴቶን ውስጥ አሟሟው፣ እንደ ገንፎ ሲሆን ከውስጥ በኩል ስንጥቁ ላይ ቀባ። ፕላስቲኩ ራሱ ከራሱ ጋር ይዋሐዳል። ከማጣበቅህ በፊት በስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሳ፣ አለዚያ ስንጥቁ ይቀጥላል። ፒ ፒ የሚል ከሆነ ግን አሴቶን አይነካውም፣ በሙቀት ነው የሚበየደው።

አሁን ወደ ፌሪንጉ። ፋይበር ከመንካትህ በፊት በካርቶንና በቀጭን ሽቦ ቅርጹን ሞተሯ ላይ ሥራ። ተቀመጥባት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙር። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን የነበረው እጅ፣ መስታወት፣ ሁሉም ከካርቶኑ ሦስት ጣት ያህል መራቅ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ፋይበር ያፈስና በመጨረሻ መሪው አይዞርም ብሎ እኔ ጋ ይመጣል።

ቅርጹን ለማውጣት ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም እንዳትጠቀም። የእኛ ሬዚን (ፋይበሩን የምናጠጣው ፈሳሽ) ፖሊስተር ነው፣ ያን ፎም እንደ ስኳር ያሟሟዋል። የግድ እሱን ከሆነ በጄሶ ለብጠህ፣ ጄሶው ሲደርቅ በፕላስቲክ ቴፕ ጠቅልለህ ሰም ቀባው። ከዚያ 300 ግራም ማት (የፋይበር ጨርቁ) ሦስት ንጣፍ። ሲደርቅ 2 ሚሊሜትር አለፍ ይላል፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ለአንድ ኪሎ ሬዚን ሃርድነሩ (ማጠንከሪያው) ከ10 እስከ 20 ሚሊሊትር ነው። እናንተ ጋ ብርድ ስለሆነ ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ሲበረታ ጀምር፤ ጠዋት በብርድ የፈሰሰ ሬዚን ሲያጣብቅ ይውላል እንጂ አይደርቅም። ማድረቂያ ኮባልት ለብቻው ከሸጡልህ ደግሞ ከሃርድነሩ ጋር በቀጥታ ፈጽሞ አታገናኘው፣ ይፈነዳል። አንዱን ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ካማሰልክ በኋላ ነው ሌላው የሚገባው። ስትሞርድ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ እጅጌህን ዝጋ፤ የፋይበር ብናኝ ለሳንባ አይበጅም።

ማሰሪያው ላይ ነው የፌሪንግ ዕድሜ ያለው። ብሎኑን በቀጥታ ፋይበሩ ላይ አትጠብቅ። በሁለቱም በኩል ጎማ፣ ከጎማው ላይ ሰፊ ሮንዴላ። ኮብል ስቶን ላይ የሚሰነጠቀው ሁሉ ያለ ጎማ የታሰረ ነው። ፋይበሩን ከድሮው ማስክ ጋር በሬዚን ላጣብቀው ብለህም አትድከም።

ለኮንትሮለሩ ከፊት ቀዳዳ ክፈትለት፤ የመውጫው ቀዳዳ ግን ከመግቢያው ይስፋ፣ ከኋላና ከላይ በኩል ይሁን። መውጫ የሌለው አየር ገብቶ ይቆማል።


ሽቦ ሠራተኛዋ፣ ገላን

ወንድሜ፣ የላሟን ነገር ሳነብ አዘንኩ። ማሳያህ ለምን እንደዋሸህ ልንገርህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

ያ ማሳያ መቶኛ የሚያወጣው ቮልቴጅ ለክቶ ነው። የአንተ ባትሪ ግን ቮልቴጁ አይወርድም ማለት ይቻላል። አንድ ሴል 80 በመቶ ላይ 3.33 ቮልት አካባቢ ነው፣ 30 በመቶ ላይ 3.25 አካባቢ። በ24 ብታባዛው የሁለቱ ልዩነት 2 ቮልት ገደማ ነው። ዳገት ላይ ስትጎትት ደግሞ በጭነቱ ብቻ ከዚያ በላይ ይወርዳል፣ ስትለቀው ይመለሳል። ስለዚህ 20 ያለህም፣ 55 ያለህም ባትሪውን ሳይሆን ዳገቱን እየለካ ነበር። በድንገት የጠፋችው ደግሞ ከ24ቱ አንዱ ደካማ ሴል ከገደቡ ሲወርድ ቢ ኤም ኤሱ (ሴሎቹን የሚጠብቀው ቦርድ) ስለቆረጠው ነው። ጠቅላላውን ብቻ የሚያሳይ ማሳያ ያን ደካማ ሴል በምንም መንገድ አያሳይህም።

የሚያስፈልግህ የሚቆጥር ነው። በኔጌቲቩ መስመር ላይ 100 አምፒር ሻንት (የሚያልፈውን ጅረት መለኪያ) ይገባል፤ የወጣውን ይቀንሳል፣ የገባውን ይደምራል። ቻርጅ የሚያደርገውም ጅረት በዚያው በሻንቱ በኩል ማለፍ አለበት፣ አለዚያ ሒሳቡ ይዛባል። ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ ወደ 100 ትመልሰዋለህ። ቢ ኤም ኤስህ ብሉቱዝ ካለው ይህን ቆጠራ ራሱ ይሠራል፣ እያንዳንዱን ሴልም በስልክ ታያለህ። ነገር ግን ስልክህን መሪ ላይ አስረህ ዳሽቦርድ አታድርገው። የሞተር ንዝረት የካሜራውን ማረጋጊያ ሊጎዳ ይችላል፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ራሱ አስጠንቅቋል። ስልኩ ኪስህ ይሁን፣ ቆም ስትል እየው።

የድሮውን ሰዓት እባክህ አትጣለው። የፍጥነት መርፌው የሚዞረው ከፊት ጎማ በሚመጣ ገመድ ከሆነ ኤሌክትሪክ ሆነች አልሆነች አይመለከተውም፣ እንደ ድሮው ይሠራል፣ ኪሎሜትሩንም ይቆጥራል። ባለ ቀለሙ ሰፊ ማሳያ ፍጥነት የሚያወጣው ከኮንትሮለሩ ስለሆነ የጥርሶቹን ብዛትና የጎማውን ዙሪያ በትክክል ካላስገባህለት እሱም ይሳሳታል። ደግሞ ፀሐይ በቀጥታ ስታርፍባቸው ብዙዎቹ አይነበቡም።

የነዳጅ መርፌውን እኔ ለራሴ ሞተር እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ አንድ አርዱይኖ ናኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ከቢ ኤም ኤሱ ቆጠራውን ያነባል፣ በአንድ ትራንዚስተር በኩል መርፌውን ያንቀሳቅሳል። መርፌው ድሮ ሰልባትዮው ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ይሰማ ነበር፣ አሁን ቦርዱን ይሰማል። ሙሉ፣ ግማሽ፣ ባዶ ላይ ሦስት ነጥብ ለክተህ ታስተካክለዋለህ። የፍሬቻዋ አጠገብ ደግሞ አንድ ቀይ አምፖል ጨምር፦ ከሴሎቹ ዝቅተኛው ከ3 ቮልት ሲወርድ ትበራለች። ያቺ አምፖል ያን ቀን ብትኖርህ ኖሮ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ታቆምህ ነበር።

መቶኛውን ብቻ ግን አትመን። ለአንድ ኪሎሜትር ስንት ዋት ሰዓት እንደሚበላ ጻፍ፣ ሲሄዱም ሲመለሱም። በ45 እየነዳህ 20 የሚሮጥ ነፋስ ከፊት ከመጣብህ አየሩ የሚያይህ በ65 እንደምትሄድ ነው፤ ግፊቱ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። በግማሽ ባትሪ ሄደህ በግማሽ ባትሪ የማትመለሰው ለዚህ ነው።

በፋይበር ሠሪው ሐሳብ አንድ ቦታ ላይ አልስማማም። ቀዳዳ ከመክፈት ኮንትሮለሩን ከዚያ አውጣው። እናንተ ጋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ነፋሱ በዚያው ልክ ቀለል ይልልሃል፣ ማቀዝቀዙም ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፌሪንግ ውስጥ የባትሪው ከፍተኛ ቮልቴጅ ባይኖር እመርጣለሁ። ሲሞላ ከ87 ቮልት በላይ ነው፣ ይገድላል። ወደ ዳሽቦርዱ የሚወጣው 12 ቮልት ብቻ ይሁን። ቁልፉንም ተመልከት፤ የቦክሰር ቁልፍ የተሠራው ለ12 ቮልት ነው፣ ከፍተኛውን ቮልቴጅ በእሱ ካሳለፍክ ውስጡ ይቃጠላል። ትንሽዋን የ12 ቮልት ባትሪ አቆያት፤ ቁልፉ እሷን ይክፈት፣ እሷ ሪሌውን (ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚከፍተውን ማብሪያ) ታንሣ። ከፍተኛውን ወደ 12 ቮልት የሚያወርደው ዲሲ ኮንቨርተር ማታ ቢሞትብህም መብራት የምታገኘው ከእሷ ነው።

ውርጭ ስላነሣህ፦ ይህ ባትሪ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሳለ ቻርጅ አይደረግም፣ ይበላሻል። ሌሊት ደጅ አድራ ከሆነ ፀሐይ እስኪነካት ጠብቅ ወይም ቤት አስገባት።


የድሮ ሞተረኛ፣ ሰበታ

ልጄ፣ ሁለቱም ያሉህ ጥሩ ነው። እኔ ሞተር መንዳት የጀመርኩት ፀጉሬ ሳይሸብት ነው፣ ሦስት ነገር ብቻ ልበል።

ፌሪንጉን ከመሪው ጋር የሚዞር አታድርገው። ከባድ መኪና ሲያልፍህ ነፋሱ ፌሪንጉን ይገፋል፣ ፌሪንጉ መሪውን ያዞርብሃል። ከፍሬሙ ጋር ይታሰር። አንገቱ ላይ ግን እንዳትበይድ፣ እንዳትበሳም፤ የሞተር ነፍስ እዚያ ነው። በማቀፊያ ክላምፕ እሰረው። ኮንትሮለሩን ደግሞ ከአንገቱ ወደ ታች በሚወርደው የፊት ቱቦ ላይ በአሉሚኒየም ሰሌዳ እሰርና ፓራፋንጎውን በጎማ ላስቲክ አስረዝመው፣ ጭቃው አይደርስበትም።

እጅህ ነው የሚደነዝዘው ካልክ ፌሪንጉ ሳያልቅ መፍትሔ አለ። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቁረጥ፣ ጥግ ጥጉን ተጠቀም፣ ቅርጹ ራሱ የእጅ መከለያ ነው። በመስታወቱ ብሎን ይታሰራል። እኔ ስንት ክረምት በእሱ አሳልፌያለሁ።

ሦስተኛ፣ ሊብሬህ። እዚያ ላይ የሞተር ቁጥርና የሞተር ጉልበት ተጽፏል፤ አንተ ያን ሞተር አውጥተሃል። ቀለም ከመቀባትህ በፊት ወረቀትህን ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ ሂድና ለውጡ እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቅ፣ ለቦሎ ስትቀርብ እንዳትጉላላ። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ክረምት ያለ ፈቃድ ሞተር እንዳይነዳ እንደከለከለች ታውቃለህ፤ ወደ እንጦጦ በኩል ልትወርድ ከሆነ አስብበት።


አዳቃዩ፣ ከሱሉልታ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ቢሮ ሄጃለሁ፣ ማመልከቻና የአዲሱ ሞተር የግዢ ወረቀት ጠይቀውኝ አስገብቻለሁ። እህቴ፣ አንቺንም። ፋይበር ሠሪው ወንድሜ፣ ማስኳ ኤ ቢ ኤስ ነች፤ እንዳልከኝ አሴቶን ከጥፍር ቀለም ከሚሸጡት ገዝቼ ጠግኛታለሁ፣ ሳምንት ሆኗታል፣ አልተነቃነቀችም። ፌሪንጉን ስጨርስ ተመልሼ እጽፋለሁ።


አዳቃዩ፣ ከሱሉልታ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ኮንትሮለሩ ወርዷል፣ የፊት ቱቦው ላይ ነው ያለው። ከጫንጮ ዳገት በኋላ በእጄ ስነካው ለብ ያለ ነው እንጂ አያቃጥልም። ማስኳ እንደ ነበረች መብራቱን ይዛ ከመሪው ጋር ትዞራለች፤ ፌሪንጉ ከእሷ ሥር ለብቻው ነው፣ ከፍሬሙ ጋር በሁለት ክላምፕ ታስሯል። ሦስት ጊዜ ካርቶን ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያው ካርቶን ላይ መሪው በቀኝ በኩል ይነካ ነበር፣ ጣት እንኳ አያስገባም። ያን ሳላይ ፋይበር አፍስሼ ቢሆን አለቀስኩ ማለት ነው። የመጀመሪያው ንጣፍ ደመናማ ቀን ላይ ወድቆ እስከ ማግስቱ አጣበቀብኝ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በጠራ ፀሐይ ሠራሁ። የጀሪካኑ መከለያ በዕድሜዬ ካየሁት ጥሩ ነገር አንዱ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ደርሼ ወዲያው ጓንት ለበስኩ፣ እሳት ዳር ጣቴን ማሟሟቅ አላስፈለገኝም።

ዳሽቦርዱ የድሮው ነው። የፍጥነት ገመዱን ግሪስ ቀብቼ መለስኩት። የነዳጁ መርፌ ከአርዱይኖው ጋር ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፣ ግማሹ ላይ አልስማማ ብሎኝ ነበር፤ እህቴ የላክሽልኝን ሦስት ነጥብ ስከተል ገባ። ቀይ አምፖሏ አለች። ፍጆታዬን በደብተር እጽፋለሁ፦ ነፋስ በሌለበት ለአንድ ኪሎሜትር 31 ዋት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከፊት ሲሆን 43። እነዚያ ሁለት ቁጥሮች መርፌው ሥር በማርከር ተጽፈዋል።

ባለፈው ሳምንት እኒያው ሰውዬ ደወሉ። ያቺው ላም ጠዋት ኮርማ ፈልጋለች። ከመነሣቴ በፊት ቆሜ አሰላሁ፦ መሄጃው፣ መመለሻው በ43፣ ትርፍ። አይበቃም አለኝ። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ያህል ቻርጅ አድርጌ 10 ሰዓት ላይ ወጣሁ፣ ከ12 ሰዓት በፊት ደረስኩ። ስመለስ መርፌው ባዶው አጠገብ ነበር፣ ስልኬ ላይ 14 በመቶ። ቀይዋ አንድ ጊዜም አልበራችም። 21ኛውን ቀን አሁን እየቆጠርኩ ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት የሰዓቱ መስታወት ከውስጥ ጤዛ ይይዛል፣ መርፌው አይታይም። ዙሪያውን ሲሊኮን ቀብቼ ጥርቅም አድርጌ ብዘጋውስ?


ሽቦ ሠራተኛዋ፣ ገላን

አትዝጋው። እርጥበቱ ውስጥ ስላለ ብትዘጋው እዚያው ይቀራል። ላዩን ዝጋ፣ ከታች በኩል በዝቅተኛው ቦታ ላይ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ተው። ወደ ሰዓቱ የሚገቡትን ሽቦዎችም ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች አንጠልጥለህ መልሳቸው፤ ውሃው ሽቦውን ተከትሎ ከመግባት እዚያ ላይ ይንጠባጠባል። የላሟን ነገር ደግሞ በ21ኛው ቀን ጻፍልን።